ክረምቱን ከልጆቻችን ጋር በአነስተኛ ወጪ ስለማሳለፍ

(በወረታ ከተማ በሰፈራችን ማኅበር የሰኔ ወር ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)

ዝናቡ ሳይዘን ወደየቤታችን እንድንገባ አሳጥረን እንናገራለን።

እንደሚታወቀው ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ጳጉሜን 5 ቀን ያለው ሲቆጠር 65 ቀን ይሆናል። በዚህ 65 ቀን ልጆቻችን እቤት ናቸው ማለት ነው። በአውሮፓ ልጆች የሚያርፉት ፀሐይ በሚሞቅበት ወራት ነው። የእኛ ግን ዝናብ፣ ጭቃ፣ አረም፣ የእህል ዋጋም ሽቅብ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ «በዚህ ኑሮ ምን መዝናናት አለ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ የምንለው ግን መዝናናት አለ፤ ብዙ ብርም አይፈልግም ነው። የሚፈልገው አስቀድሞ ማሰብን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘብ እናንሣ። እስቲ ወረቀት ሳናወጣ እናስላ። ሦስት ልጅ ያለው ቤት ለእያንዳንዱ ልጅ ለከረሜላና ለብስኩት በቀን 10 ብር ቢሰጥ በቀን 30 ብር ነው። በ65 ቀን 1,950 ብር ይሆናል። ይህ ብር ሲወጣ አይታወቅም፤ መስከረም ሲጠባ ግን ይታወቃል። ያን ጊዜ ደብተር አለ፣ ዩኒፎርም አለ፣ ጫማ አለ። በእጁ ምንም የሌለው አባት ወይ አራጣ ይበደራል፣ ወይ ሩዙ ገና አረንጓዴ ሳለ ዋጋ አስቆርጦ በርካሽ ይሸጣል። ኅዳር ላይ የሚያጭደው የሌላ ሰው ሩዝ ነው ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሴቷን ልጅ «ዘንድሮ ትቆይ» ይላል። አንድ ዓመት የቆየች ልጅ ደግሞ ተመልሳ ትምህርት ቤት መግባቷ ያጠራጥራል። ስለዚህ ነገሩ የከረሜላ ብቻ አይደለም።

ስለሆነም ሐሳባችን ይኸውላችሁ። ለልጅ ምንም አትስጡ አንልም፤ ልጅ ነው፣ ያምረዋል። ግማሹን ብቻ እናስቀር። ከላይ ባልነው ቤት ግማሹ 975 ብር ነው። ይህንን በየሳምንቱ ለማኅበራችን ገንዘብ ያዥ እየሰጠን በስማችን ይመዝገብ፤ ጳጉሜን 1 ቀን ቆጥረን ደብተርና እስክርቢቶ በጅምላ ባንድ ላይ እንግዛ። የተረፈው ለየባለቤቱ ይመለሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ ልጆቹ በምን ይደሰቱ የሚለው ነው። እቤት ውስጥ ገበጣ አለ፤ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር መጫወት ይቻላል፣ ሒሳብም ያስተምራል። ማታ ማታ በቆሎ እየተጠበሰ ተረትና እንቆቅልሽ አለ። ሽማግሌዎቻችን ሳያልፉ ልጆቹ ይስሟቸው። ትልልቆቹ ተማሪዎች ደግሞ ታናናሾቻቸውን በሳምንት ሁለት ቀን ንባብ ቢያስጠኑ የማኅበሩን ቤት እንከፍትላቸዋለን። ወደ ቄስ ትምህርት ወይም ወደ መድረሳ የሚሄዱትም ሰዓታቸው እንዳይጋጭ እናደርጋለን።

ማሳ ያለን ሰዎች ልጆቻችንን ለአረም ይዘን እንወጣለን። ክፋት የለውም፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አይሁን። ረፋድ ላይ ሠርተው ከሰዓት በኋላ ይጫወቱ። ስንሠራም እናውራቸው። ሩዝ በፎገራ የጥንት እህል አይደለም፤ በ1970ዎቹ በሻጋና በጅግና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ከሰሜን ኮርያ በመጡ ባለሙያዎች እርዳታ የተለመደ ነው። «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘር ስሙ ከዚያው የመጣ ነው። በፊት ውሃ ይተኛበት የነበረው መሬት ዛሬ እንጀራ ሆኖልናል። ልጅ የሚያርመውን ነገር ታሪክ ሲያውቅ ሥራውም ይቀለዋል።

በዓልም አለን። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል፤ ለጾመኛው ቤት የሥጋና የቅቤ ወጪ ይቀንሳል። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው። ችቦው፣ ሙልሙሉ፣ ጅራፉ ሁሉ ከእጃችን የሚሠራ እንጂ ከሱቅ የሚገዛ አይደለም። ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች የሚያገኙትን ብር ተካፍለው በአንድ ቀን ከሚጨርሱት ግማሹን ለደብተር ቢያስቀምጡ እንመክራለን። ጅራፍ ሲያጮሁ ግን ዓይን እንዳይነኩ ይራራቁ።

ወጣ ማለት ለሚፈልግም ሩቅ መሄድ የለበትም። ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ፣ በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። የውጭ አገር ሰው ባሕር ተሻግሮ ያየዋል፤ እኛ ጎረቤቶቹ ግን ስንቶቻችን አይተነዋል? ወንድና ሴት ሥራ ሳይለዩ ሲሠሩ፣ አረጋውያን ሲጦሩ ልጆቻችን ቢያዩ ጥሩ ትምህርት ነው። በዚያው መንገድ አለም ሳጋ ደን አለ። ደብረ ታቦር ለሚደርስም ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋት ቅርብ ነው። ምሳ ከቤት ቆሎና ዳቦ ይያዝ። ሦስት አራት ቤተሰብ አብሮ ቢሄድ ልጅ ለመጠበቅም ይቀላል። ከመውጣታችን በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን እንጠይቅ፤ ቀኑ ካልሆነ ሌላ ቀን ይሆናል።

በመጨረሻ ዋናው ነገር ጥንቃቄ ነው። ርብና ጉማራ ከላይ ጉና ሲዘንብ እኛ ጋ ፀሐይ እያለ ይሞላሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልተው ሜዳውን እንዴት እንዳጥለቀለቁትና ስንቱን ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀሉት የምናስታውስ ብዙ ነን። ደራሽ ውሃ ልጅ መሆኑን አይቶ አይምርም። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ማንም ልጅ ብቻውን ወደ ወንዝ እንዳይወርድ እንስማማ። የማንም ልጅ ወደዚያ ሲሄድ ያየ ሰው «የእኔ አይደለም» ሳይል ይመልስ። የተኛ ውሃ ውስጥ መቆምም ቢልሃርዝያ ያመጣል። አጎበር ለመኝታ ነው፤ ዓሣ ማጥመጃ ወይም የሩዝ ማስጫ አይሁን፤ የወባ አገር ነውና። በተለይ ክረምት ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ከጣና ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሽቅብ የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ ያን ጊዜ የተጠመደ ዓሣ የነገውን ዓሣ ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። 1ኛ/ በየሳምንቱ እሑድ ለደብተር የሚሆነውን አምጡ፤ ትንሽ ነው ብሎ ማንም አይፈር። 2ኛ/ ከየቤቱ አንድ ሰው በተራው ለንባቡ ወይም ለጨዋታው ልጆቹን ይጠብቅ፤ የተራው ዝርዝር በዚሁ ሰሌዳ ይለጠፋል። 3ኛ/ የወንዙን ነገር ዛሬውኑ ማታ ለልጆቻችሁ ንገሩ።

በእንቁጣጣሽ ማለዳ አበባ ይዘው የሚመጡት ልጆች አንዳቸውም ሳይጎድሉ፣ ደብተራቸውም ተገዝቶ እንድናይ ምኞታችን ነው። መልካም ክረምት።