ቁጣ ቃል ሲያገኝ፦ ብርቱ ስሜትና የአፍ መፍቻ ቋንቋ በመማሪያ ክፍል



ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲቆጣ፣ ሲያለቅስ ወይም በፍርሃት ሲዋጥ መምህሩ ምን ሊያደርግ ይገባዋል? ይህን ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ከሥርዓት ማስከበር አንጻር ነው። እኔ ዛሬ ከቋንቋ አንጻር ላየው እወዳለሁ።

የወላይታ ታሪክ ለዚህ በቂ ምክንያት ይሰጠናል። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ስሞች ፊደላት ተውጣጥቶ «ወጋጎዳ» የተባለ ጥምር ቋንቋ በመማሪያ መጻሕፍት ወደ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ በሶዶ መምህራንና ተማሪዎች ተቃውመው ወጡ። የመጀመሪያው ምላሽ ኃይል ነበር፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መምህራን ታሰሩ። መጻሕፍቱ የተነሡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቁጣው ከጅምሩ ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ዋጋ ባልተከፈለ ነበር።

በመማሪያ ክፍልም ተመሳሳይ ነገር በትንሹ ይደርሳል። በአካባቢያችን ለብዙ ዓመታት ልጆች እስከ 4ኛ ክፍል በወላይትኛ ተምረው ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ተሻግረዋል። ከትምህርቱ ቋንቋ ጋር፣ ለመምህሩ ብሶታቸውን የሚገልጹበት ቋንቋም ይለወጥባቸዋል። መምህሩ ልጁ በማይቀናው ቋንቋ «ምን ሆንክ?» ሲለው ልጁ ዝም ይላል። ዝምታው እንደ ንቀት ተቆጥሮ ቅጣት ይከተላል። ልጁ ግን ቃል አጥቶ ነው።

ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በሥዕል የሚያዩትን የፊት ስሜት በቃል ሲሰይሙ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጥናቱ በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ቢሆንም፣ መምህር በየዕለቱ ከሚያየው ጋር ይስማማል፦ ስሜት ስም ሲያገኝ ይበርዳል።

ስለዚህ መምህሩ በቅድሚያ የራሱን ድምፅ ዝቅ ያድርግ። ልጁን በጓደኞቹ ፊት አይመርምረው፤ እስኪረጋጋም ይታገሠው። ከዚያ የተሰማውን በሚቀናው ቋንቋ እንዲናገር ይፍቀድለት። መምህሩ ወላይትኛ የማይችል ከሆነ፣ ልጁ የሚያምነው ሌላ መምህር ያስተርጉምለት።

ስሜቱን መስማት ጥፋቱን ማለፍ አይደለም። ጓደኛውን የመታ ልጅ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ያበላሸውን ያስተካክላል። ዱላና ማንበርከክ ግን መፍትሔ ሊሆኑ አይችሉም፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36ም ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል።

«ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ያልተሰማ ቁጣ በማግሥቱ ይመለሳል፤ በየቀኑ የሚወስደው ጊዜም ይበልጣል።

ነገ ወደ ክፍል የምትገቡ ዕጩ መምህራን ሆይ፣ አንድ አደራ አለኝ። ተማሪያችሁን ከመቅጣታችሁ በፊት «በየትኛው ቋንቋ ብትነግረኝ ይቀልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።