ሳይረን ሲጮኽ ወደ ውስጥ



ባደግንበት መንደር ኡኡታ ሲሰማ ሰው ሁሉ ዱላውን ይዞ ወደ ድምፁ ይሮጥ ነበር። መልካም ልማድ ነው። በእስራኤል ግን ሳይረን ሲጮኽ ወደ ውጭ አይሮጥም፤ ወደ መጠለያ ይገባል።

ከፍ ዝቅ እያለ የሚጮኸው ድምፅ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነው። በዮም ሃሾዓና በዮም ሃዚካሮን የሚሰማው ግን ከፍ ዝቅ የማይል የመታሰቢያ ድምፅ ነው፤ ያን ጊዜ ባሉበት ቆሞ ዝም ማለት ይገባል።

ከጋዛ ሮኬት ሲተኮስ ወደ መጠለያ ለመግባት ያለው ጊዜ በስዴሮት 15 ሴኮንድ፣ በቴል አቪቭ 90 ሴኮንድ ነው። በዚህ ጊዜ መመካከር አይቻልም። ስለዚህ ቤተሰቡ ዛሬውኑ ይነጋገር።

እ.ኤ.አ. ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ በአዲስ ቤቶች ውስጥ «ማማድ» የሚባል የተጠናከረ ክፍል እንዲሠራ በሕግ ታዘዘ። በቤታችሁ ከሌለ፣ የሕንፃው «ሚቅላት» የት ነው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? አያትን የሚደግፈው፣ ሕፃኑን የሚያቅፈው ማን ነው?

ትምህርት ቤት ያሉትን ልጆች መምህራኑ ወደ መጠለያ ያስገቧቸዋል። «ልጄን ላምጣ» ብሎ መንገድ ላይ መሮጥ ልጁን አያድንም፤ ወላጁን ግን ለአደጋ ያጋልጣል።

ከመጠለያ የሚወጣው ፒኩድ ሃኦሬፍ ሲፈቅድ ነው። ለጥያቄ 104፣ ለአምቡላንስ 101 ይደወላል።

ዕብራይስጥ ገና ያልለመዱ አዛውንት በጎረቤት ካሉ፣ ዛሬ በራቸውን አንኳኩታችሁ ይህን አስረዷቸው።