አዙሪት የሚባለው የበግ በሽታና የውሻችን ነገር
(በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ቀን ስለ ታላላቅ ነገር የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በየቤታችን ስለሚገኝ ስለ አንድ የበግ በሽታ ጥቂት ለመናገር ፈቃዳችሁን እንለምናለን። አብዛኞቻችን የመንዝና የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጆች ስለ ሆንን፤ ደብተራችንና የደንብ ልብሳችን የተገዛው ከበግ ሽያጭ ነው። አንድ ጠቦት ሲሞት ከቤት ምን እንደሚጐድል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም።

በሽታው በአገራችን አዙሪት ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ከመንፈቅ ያለውን በግ ነው፤ ፍየልንም ይይዛል። በመጀመሪያ ከመንጋው ወደ ኋላ ይቀራል፤ እረኛው ቢጠራውም ልብ አይልም፤ አንገቱን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ከዚያም በአንድ ቦታ መዞር ይጀምራል። ወደ ካብ ሄዶ ግንባሩን አስደግፎ ይቆማል፤ አንድ ዐይኑም ማየት ይሳነዋል። በሽታው ሲቈይ በአንዳንዱ ላይ የራስ ቅሉ ሳስቶ በጣት ሲጫኑት ይረግባል።

ከመካከላችን የአንዱ ቤተ ሰብ እንዲህ ያለውን ጠቦት ግንባሩን በጋለ ብረት ተኰሱት፤ አልዳነም። ሳይከሳ ይታረድ ተባለና ታረደ። ጭንቅላቱን የሚበላው ስላልነበረ ለቤቱ ውሻ ተጣለ። የወረወረውም ጓደኛችን ራሱ ነው። በሚከተለው ዓመት ከዚያው በረት ሦስት ግልገሎች ዞሩ። እሱም ሆነ እኛ ምክንያቱን ያወቅነው ኋላ በባዮሎጂ ክፍል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአዙሪት በተያዘ በግ አንጎል ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ የሚታዩት ነጫጭ ነጠብጣቦች እያንዳንዳቸው የትል ራስ ናቸው፤ ቍጥራቸውም መቶዎች ሊደርስ ይችላል። ውሻ ይህን ሲበላ ራሶቹ በአንጀቱ ተጣብቀው የውሻ ኮሶ ይሆናሉ። ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር በግጦሽ ላይ ይወድቃል። ግልገል ከሣሩ ጋር ይበላዋል፤ የተፈለፈለውም ትል በደም ተጉዞ አንጎል ይገባል። እዚያም ለወራት እያደገ አንጎሉን ይጫነዋል። መዞሩ የሚታየው በጉ ከተያዘ ከብዙ ወራት በኋላ ስለ ሆነ፤ ሰው ውሻውን አለመጠርጠሩ አያስደንቅም።

የሚንገዳገድ ግልገል ሁሉ ግን አዙሪት ያዘው ማለት አይደለም። ከተኮላሸ ወይም ከቈሰለ በኋላ ሰውነቱ እንደ እንጨት የሚደርቅና መንጋጋው የሚገጥም ቴታነስ ይዞት ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ መዳብ በጐደለው ግጦሽ የዋለች በግ የኋላ እግሩ የማይጸና ግልገል ልትወልድ ትችላለች፤ ሆኖም መዳብ ለበግ ጥቂት ሲበዛ መርዝ ነውና ያለ ሐኪም አይሰጥም። ድምፁ የተለወጠ፤ ለሃጩ የሚዝረበረብ፤ ወይም ውሻ የነከሰው ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፤ አፉን በእጅ አትንኩ፤ አርዳችሁም አትብሉት። የእንስሳት ሐኪም ጥሩ።

አዙሪትን በቀዶ ሕክምና ማዳን ይቻላል፤ ከረጢቱ ከራስ ቅሉ ተከፍቶ ይወጣል። ነገር ግን በየቀበሌው ይህን የሚሠራ አይገኝም። ስለዚህ የምንለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። ለበዓል የታረደም ይሁን በበሽታ የሞተ በግ ጭንቅላቱ ይቃጠል፤ ወይም ውሻ ቈፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ውሻውም በየጊዜው ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት ይሰጠው፤ መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ለጥቂት ቀናት ታስሮ ይዋል፤ ዓይነ ምድሩም ይቀበር። እንቁላሉ አልፎ አልፎ ሰውንም ስለሚይዝ፤ ውሻ የዳሰሰ ልጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቍረስ።

ይህን በሰፈር ስንናገር አንድ አባት፣ «ውሻውስ ምን ይብላ? እርሱም እኮ ሌሊቱን ሙሉ ጅብ ሲጠብቅ ያድራል» ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ጭንቅላቱ በፈላ ውሃ ውስጡ ድረስ በሚገባ ከተቀቀለ ትሉ ስለሚሞት፤ ለውሻው ሊሰጥ ይችላል። ማገዶውን የምንለቅመው እኛ ነን።