ያገለገሉ ከባድ የግንባታ መሣሪያዎች የሞተር ሴንሰር ብልሽት አመረማመር
ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ከጳውሎስ ሆስፒታል ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሕንፃ መሠረት የሚቈፍር፥ በውጭ አገር ብዙ ሺህ ሰዓት ሠርቶ ወደ አገራችን የገባ አንድ ኤክስካቫተር ለምሳሌ ያህል ይወሰድ። ወሩ ሐምሌ ነው። ማሽኑ በድንገት ኀይሉ ይቀንሳል፤ ቀይ መብራት ይበራል፤ በስክሪኑም ላይ የሞተር ዘይት ግፊትን የሚመለከት የብልሽት ኮድ ይወጣል። ኦፕሬተሩ ሞተሩን ያጠፋል፤ ባለንብረቱና መካኒኩ ይጠራሉ፤ ገልባጭ መኪናዎችም ተሰልፈው ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ የሞተሩን ዕድሜ ይወስናል።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው «ሴንሰሩ ነው፤ ችላ በለውና ሥራ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሞተሩ አልቋል፤ ይውረድ» የሚል ነው። ሁለቱም ሳይለካ የተነገሩ ናቸው። የመጀመሪያው ደኅና የነበረውን ሞተር በአንድ ቀን ሊያነክሰው ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ በአንዲት የተላጠች ሽቦ ምክንያት ጤነኛውን ሞተር ያስፈታል።

በጄ1939 ደረጃ መሠረት የሚወጣ ኮድ ሁለት ቍጥሮች አሉት። የመጀመሪያው የትኛው መለኪያ እንደሆነ ይናገራል፤ 100 የሞተር ዘይት ግፊት፥ 102 የተርቦ ግፊት፥ 108 የከባቢ አየር ግፊት፥ 110 የማቀዝቀዣ ውሃ ሙቀት ነው። ሁለተኛው ቍጥር የጉድለቱን ዓይነት ይገልጻል፤ በጥድፊያ የሚዘለለውም ይኸው ነው። 100 ከ1 ጋር ሲወጣ ኮምፒዩተሩ የሚናገረው የደረሰው መልእክት ትክክለኛ መሆኑን፥ ግፊቱ ግን አደገኛ በሆነ መጠን መውረዱን ነው። 100 ከ4 ጋር ሲወጣ ግን ስለ ዘይቱ የተነገረ ነገር የለም፤ በመስመሩ የመጣው ቮልቴጅ ከተገቢው በታች ነው ማለት ብቻ ነው። 3 ከተገቢው በላይ የሆነ ቮልቴጅን፥ 5 የመስመር መቋረጥን፥ 2 የሚዋዥቅ መልእክትን ያመለክታል። አንዳንድ አምራቾች በስክሪናቸው ላይ የራሳቸውን ኮድ ስለሚያሳዩ የማሽኑ መጽሐፍ ከእጅ ሊለይ አይገባም።

ይሁን እንጂ ኮዱ 4 ስለሆነ ብቻ ሞተሩን አስነሥቶ መሥራት አይፈቀድም። አስቀድሞ የዘይቱ መጠን ይታያል፤ ቀጥሎም በሞተሩ አካል ላይ ባለው የመፈተሻ ቀዳዳ ማኖሜትር ታስሮ፥ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ብቻ ተነሥቶ፥ ግፊቱ በመጽሐፉ ከተጻፈው ጋር ይነጻጸራል። ማኖሜትሩ ሽቦም ኮምፒዩተርም የለውም፤ ዋጋውም ከዚህ የመጣ ነው። ግፊቱ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ብቻ ወደ ኤሌክትሪኩ ይኬዳል።

የዘይት ግፊት ሴንሰር በአብዛኛው ሦስት ሽቦ አለው፤ ይኸውም 5 ቮልት የሚያመጣው፥ የመመለሻውና መልእክቱን የሚወስደው ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ቍልፉ ተከፍቶ ሲለካ የመልእክቱ ሽቦ በብዙዎቹ 0.5 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሶኬቱ ሲነቀል 4 የነበረው ኮድ ወደ 3 ከተለወጠ፥ በብዙ ሞተሮች ዘንድ ሽቦውና ኮምፒዩተሩ ደኅና ናቸው፤ ጥርጣሬው በሴንሰሩ ላይ ይወድቃል። ነቅለውትም 4 ሆኖ ከቀረ ሽቦው ከሞተሩ አካል ጋር ተነካክቷል ማለት ነው። በምሳሌው ኤክስካቫተር ላይ ውጤቱ ይህ ቢሆን፥ አዲስ ሴንሰር ፍለጋ ወደ ሱማሌ ተራ የሚወርደው ሰው የሚመለሰው ገንዘቡን አባክኖ ነው። ሽቦው በብረት ማቀፊያ ሥር የሚያልፍበት፥ ከተርቦው ሙቀት የሚቀርብበት፥ የቀድሞው ባለቤት ቆርጦ በናስትሮ የጠቀለለበት ቦታ በዓይንና በእጅ ይፈተሻል። በመርፌ ሽቦ እየወጉ መለካት ግን መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ በቀዳዳው የገባው የክረምት ውሃ መዳቡን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋልና።

አንዳንድ ጊዜ ሦስት አራት ኮድ በአንድነት ይወጣል። ሦስት ሴንሰር በአንድ ሰዓት አይሞትም። 5 ቮልቱ ለብዙ ሴንሰሮች የጋራ ስለሆነ፥ ከመካከላቸው አንዱ ውስጡ ሲነካካ የሁሉንም መስመር ይጥላል። ቴስተሩ በ5 ቮልቱ መስመር ላይ ተይዞ ሶኬቶቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ ቮልቴጁ የሚመለስበት ሶኬት ጥፋተኛውን ያሳያል። ኮምፒዩተሮቹ እርስ በርስ መነጋገር ካቆሙ ደግሞ ባትሪው ተለያይቶ በሁለቱ የመገናኛ ሽቦዎች መካከል ይለካል፤ 60 ኦም ትክክል ነው፤ 120 ኦም ከታየ ከዳርና ዳር ካሉት ሁለት ሬዚስተሮች የአንዱ መስመር ተቋርጧል።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም በነበሩት ዶዘሮችና ግሬደሮች የሞተር ጤንነት የሚታወቀው በጆሮ፥ በጭሱ መልክና በመዳፍ ነበር። ያ ሙያ ዛሬም አይናቅም፤ ነገር ግን 5 ቮልት ድምፅ የለውም። በግምት መለዋወጫ መግዛት ቀድሞም ኪሳራ ነበር፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ከሆነ ወዲህ ግን ኪሳራው እጅግ ከብዷል። የዋጋው ክብደት ያመጣው ሌላ ጥፋት አለ፤ ይኸውም በመስመሩ ላይ ሬዚስተር አስገብቶ ኮምፒዩተሩን ማታለል ነው። ይህ ጥገና ሊባል አይችልም፤ ማሽኑን ለሚገዛው ሰው የተቀበረ ፈንጂ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ማሽን ሲገዛ ቍልፉ ተከፍቶ የእያንዳንዱ ሴንሰር ሶኬት ይነቀል፤ ተነቅሎም ኮድ ካልወጣ በመንገዱ ላይ የሚዋሽ ነገር ገብቷል። ማሽኑ ቆሞ ባደረበት ጠዋት ደግሞ የውሃው፥ የነዳጁና የአየሩ ሙቀት ሴንሰሮች በጥቂት ዲግሪ ልዩነት አንድ ዓይነት ማሳየት አለባቸው። አንዱ ብቻ 60 ዲግሪ ካለ ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ነው።

በመጨረሻ የሚነሣው የአገሩ ከፍታ ነው። ጳውሎስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ ይገኛል፤ የአየሩም ግፊት 76 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። በባሕር ዳርቻ 101 የሚል መጽሐፍ የያዘ ሰው ጤነኛውን የአየር ግፊት ሴንሰር ሊጥለው ይችላል። ሞተሩ ሳይነሣ፥ የተርቦው ሴንሰር ፍጹም ግፊትን የሚለካ ዓይነት ከሆነ፥ ከአየር ግፊቱ ሴንሰር ጋር እኩል ማሳየት አለበት፤ መፈተኛውም የሁለቱ መስማማት ነው። የሙቀት ሴንሰርን በፈላ ውሃ ነክሮ ኦሙን መለካትም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሆኖም እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፥ በሰንጠረዡ መታየት ያለበት መስመር የ100 ዲግሪው ሳይሆን የ92ቱ ነው።