ዝም አይነቅዝም? የሕፃናት አፍ መፍታትና የወላጅ ድርሻ በጎጃም ደጋ



 የዛሬው ርእሰ ጉዳይ የሐኪም ወይም የሥነ ልቡና ባለሙያ ድርሻ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የቋንቋ መምህር ነኝና የምናገረው ከዚያው ከሙያዬ ተነሥቼ ነው።

አማርኛችን ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» ይላል፤ መጀመሪያ የተናገረበትንም ቋንቋ «አፍ መፍቻ» ብሎ ይጠራል። መፍታት ካለ ፈቺ አለ። በአካባቢያችን ግን «ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይፈታል» የሚለው አስተያየት ያመዝናል። ይህ ስሕተት ነው ብዬ አልነሣም፤ ጤነኛ ሕፃን ሰው በሚነጋገርበት ቤት ካደገ መናገሩ አይቀርም። ጥያቄዬ እንዴት ያለ ተናጋሪ ይሆናል፣ ያልተናገረውስ ልጅ በጊዜ ይታወቅለታል ወይ የሚል ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዲማ፣ ዋሸራ፣ ደብረ ኤልያስ ሲባል ለንግግር ረቂቅነት የተሰጠው ክብር ወዲያው ይታወሰናል። የቅኔ ተማሪ ቆጥሮ ያመጣውን ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይነግራል። ሥርዐቱ በሙሉ በተራ መነጋገር ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ አገር ልጅ እንግዳ ፊት አፉን ከከፈተ ባለጌ ይባላል፤ ዝም ያለው ጨዋ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት የተፈጠረው እህል በሚነቅዝበት ገበሬ ቤት ነውና ኃይሉ ይገባኛል። ለአዋቂ፣ በተለይም ለነገረኛ ጎረቤት፣ መልካም ምክር ነው። ለሁለት ዓመት ሕፃን ግን አይሆንም።

ወደ ቋንቋው ልግባ። በቤታችን ለሕፃን የሚነገረውን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ና፣ ሂድ፣ ተው፣ አምጣ፣ ዝም በል። አብዛኛው ትእዛዝ ነው። «መጣ» የሚለው ግሥ ደግሞ ለትእዛዝ የሚያገለግለው ቅርጽ ከራሱ ጋር አንድም ተነባቢ የማይጋራ ነው፤ ና፣ ነይ፣ ኑ። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ «ና» ሲባል የሚውል ልጅ «መጣ»ን፣ «ይመጣል»ን፣ «አልመጣችም»ን ከየት ያገኛል? የሚያገኘው አንድ ሰው ነገር ሲያወራው ብቻ ነው። «አባትህ ከገበያ መጣ፤ አህያዋም መጣች፤ ውሻው ግን አልመጣም» የምትል እናት ጾታን፣ ኃላፊ ጊዜንና አሉታን በአንድ ትንፋሽ አስተማረች። ምንም ገንዘብ አላወጣችም።

ከዚሁ ጋር ለተመራማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የውጭ መጻሕፍት ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃል አጣምሮ መናገር ይጠበቅበታል ይላሉ። መለኪያው እንደ እንግሊዝኛ ላሉ ቋንቋዎች የተሠራ ነው። «አልሰጠችኝም» ያለ የእኛ ሕፃን በቁጥር አንድ ቃል ነው የተናገረው፤ በውስጡ ግን ሰጪዋ፣ ተቀባዩ፣ ጊዜውና አሉታው አሉበት። ስለዚህ ቃል መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉ የተሸከመውም መታየት አለበት።

ቃል ስለ መቁጠር ከተነሣ፣ ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪዝሊ በአሜሪካ ካንሳስ 42 ቤተሰቦችን ተከታትለው በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ የታወቀ ነው። የድሀና የባለጸጋ ልጆች የሚሰሙት የቃል ብዛት እጅግ የተራራቀ ነው አሉ። ብዙ ትችት ገጥሟቸዋል፤ እኔም ድሀ እናትን ጎደሎ አድርጎ የሚያሳይ ንባብ አይመቸኝም። ኤሊኖር ኦክስና ባምቢ ሺፈሊን በሳሞአና በፓፑዋ ኒው ጊኒ አዋቂዎች ጨቅላን እንደ ወሬ ጓደኛ ሳይቆጥሩት እንኳ ልጆች ቋንቋቸውን በሚገባ እንደሚለምዱ አሳይተዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሬቸል ሮሜዮና የባልደረቦቿ ጥናት ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ልጆች ላይ፣ ከሚሰሙት ቃል ብዛት ይልቅ ከአዋቂ ጋር የሚለዋወጡት የንግግር ተራ ከቋንቋ ችሎታቸውና ከአንጎላቸው ሥራ ጋር ይበልጥ እንደሚያያዝ ገልጿል። እኔን የሚስበኝ ይህ ተራ የሚባለው ነገር ነው፤ ያለ ትምህርት፣ ያለ መጽሐፍና ያለ ገንዘብ ሊሰጥ ይችላልና።

በተግባር ምን ማለት ነው? የደጋ ልጅ ብዙ ጊዜውን በአንቀልባ ነው የሚያሳልፈው። የእናቱን ድምፅ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በጀርባዋ ንዝረትም ይሰማል፤ ፊቷን ግን አያይም። ከጀርባ የወረደበት ሰዓት ስለዚህ ውድ ነው። እናት ምስር ስትለቅም ልጁን ፊት ለፊቷ ብታስቀምጠውና «ይኼ ጠጠር ነው፤ የት እንጣለው?» ብላ ጥቂት ብትጠብቅ ይበቃል። መጠበቁ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንቸኩለው፤ ጠይቀን ራሳችን እንመልሳለን። እዚህ ላይ ዝምታው የሚያስፈልገው ለአዋቂው ነው። ልጁ «ጠጠል» ቢል መሳቅም፣ ኮልታፋ አንደበቱን መልሶ መኮረጅም አያስፈልግም፤ «አዎ፣ ጠጠር ነው፤ ትልቅ ጠጠር» ማለት ይበቃል። «ረ» በብዙ ቋንቋዎች ዘግይተው ከሚለመዱት ድምፆች አንዱ ነው።

አባቶችንም ላንሣ፤ በአዳራሹ ብዙ አባቶች አያለሁ። ልጅ ማናገር የሴት ሥራ ነው የሚል ጽሑፍ የትም የለም። ማታ እሳት ዳር የሚጫወቱት ተረትና እንቆቅልሽ ለዚህ የተሠሩ ናቸው። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ብሎ መመለስ ግዴታ ነው፤ መልሱ የጠፋበት ልጅም ዝም ብሎ አያመልጥም፣ አገር ይሰጣል። በእኛ ባህል ልጅ ከአዋቂ እኩል ተራ የሚያገኝበት ሕግ ያለው መድረክ ይህ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት»ን ሲያሳትሙ ርእስ ያደረጉት ይህንኑ የጥሪና የመልስ ልማድ ነበር። ቴሌቪዥንና ስልክም ተረት ያወራሉ፤ ልጁ «የመሠረት» እስኪል ግን አይጠብቁም።

በከተማው ሌላ ልማድ ገብቷል። ልጃቸው መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ እነሱ ራሳቸው በማይዝናኑበት እንግሊዝኛ «ካም»፣ «ሲት» እያሉ የሚያናግሩ ወላጆች አሉ። ያው ትእዛዝ በሌላ ቋንቋ ተመለሰ ማለት ነው። በአዊ ደግሞ ልጁ በአማርኛ እንዳይቸገር ብለው አውንጊን የሚተዉ ወላጆች ያጋጥማሉ። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፤ ይህ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው። ወላጅ ልጁን ማናገር ያለበት በሚቀልድበት፣ በሚቆጣበትና በሚያለቅስበት ቋንቋ ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ዝምታ ጨዋነት በሆነበት ቤት የማይሰማ ልጅ ጨዋ ተብሎ ሊያድግ ይችላል። በዓመቱ የማያጉተመትም፣ በእጁ የማያመለክት፣ በዓመት ከአራት ወሩ አንድ ቃል የሌለው፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ሐሳብ የማያጣምር፣ ወይም መናገር ጀምሮ የተወ ልጅ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረ» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። መጀመሪያ ጆሮው ይመርመር። መግል የሚፈሰው ጆሮ በአካባቢያችን እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ ካልታከመ ግን መስማትን ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር 60 በመቶ ያህሉ ሊከላከሉት በሚቻል ምክንያት የሚመጣ ነው። እንጥል ማስቆረጥ አፍ አይፈታም፤ ደም መፍሰስና መመረዝ ያመጣል።

የሚሰማ ሆኖ የማይናገርም አለ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሙያቸው የውበት ሥራ ነበር፤ ልጃቸው ግን ኦቲዝም ነበረበት። ለልጃቸው ቦታ ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉትንም የማስተማሪያ ዘዴ ከፊደላችን ድምፆች አዘጋጁ። ፊደላችን በእያንዳንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን አጣምሮ ስለሚይዝ ልጁ ከነጠላ ድምፅ ሳይሆን ሊናገረው ከሚችል ቀለም ይጀምራል። የቋንቋ ሰዎች ልናስበው ይገባን የነበረውን አንዲት እናት አሰቡት። ያኔ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ እርግማን ነው ብሎ ጓዳ ይደብቅ ነበር፤ ዛሬም የሚደብቅ አለ። ከእናንተ መካከል የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ሕፃናት ከዓመት እስከ ሦስት ዓመት የትኞቹን የግሥ ቅርጾች በምን ቅደም ተከተል እንደሚለምዱ መዝግቡልን። ሐኪሙም መምህሩም የዘገየውን ልጅ ካልዘገየው የሚለዩበት የራሳችን መለኪያ የሚገኘው ከዚያ ነው።

 አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ጥያቄ ያላችሁ ከኋላ ወንበር ጀምሩ።