የመንግሥት ልኩ ስንት ነው?

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ መንግሥት ልክ ነው። ልብስ ልክ አለው፤ ቢጠብ ያንቃል፣ ቢረዝም ያደናቅፋል። ለመሆኑ የመንግሥትስ ልኩ ስንት ነው? አንዳንዶች «መንግሥት ዳር ድንበር ይጠብቅ፣ ይዳኝ፣ መንገድ ይሥራ፤ ሌላውን ለሕዝቡ ይተው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «መንግሥት እጁን ከሰበሰበ ደካማው ማን አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። እስቲ ከራሳችን ታሪክ እንመልከተው።

በመጀመሪያ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር የሚሠራውን እናስብ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውን የሚያስተዛዝነው ዕድር ነው። ገንዘብ ለማጠራቀም ዕቁብ አለ። አዝመራ ሲደርስ በደቦ ይታጨዳል። ለዚህ ሁሉ ሚኒስቴር አላስፈለገም።

ነገር ግን ዕድር ፈንጣጣን ሊያጠፋ ይችላል? አይችልም። በሽታው የቀበሌ ወሰን አያውቅም። መንግሥትና የዓለም የጤና ድርጅት ተባብረው መንደር ለመንደር በመዞር ከተቡ፤ በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የታየው በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ነው። ፊደልም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ 15 ደርሷል። ይህን ያህል ሥራ አንድ መንደር ብቻውን አይወጣውም።

ታዲያ መንግሥት ይህን ከቻለ ሁሉንም ነገር ለምን አይሠራም? ትሉ ይሆናል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዘመቻውን ያካሄደው ያው መንግሥት የገበሬውን እህል ዋጋም ራሱ ይቆርጥ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬ ማኅበራት እህል በኮታ ይሰበስብ ነበር። የሚከፍለው ዋጋ ግን ከገበያው ያነሰ ነው። ምርቱ ኮታውን ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ከሆነ ማን አብዝቶ ያርሳል? ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ያው አንድ መንግሥት በአንድ እጁ ፊደል ሰጠ፣ በሌላው እጁ የገበሬውን ድካም ወሰደ። ስለዚህ «መንግሥት ይተልቅ ወይስ ይነስ?» ማለት ብቻ አይበቃም። «ይህን ሥራ እኛው በኅብረት ልንሠራው አንችልምን? መንግሥት ከሠራውስ ሲያጠፋ ማን ይጠይቀዋል?» ማለት ይገባል።

የቀድሞው ሰው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል ነበር። ያም ሆኖ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የንጉሡ ገንዘብና የመንግሥት ገንዘብ እንዲለይ፣ ግብርም በልክ እንዲወሰን መክረዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ ባለሥልጣንም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። የመንግሥት ወሰን እንግዲህ በጽሑፍ የተሰመረ መሥመር ነው። ማንበብ የማይችል ሰው መሥመሩ ሲታለፍ በምን ያያል? በአውራ ጣቱ የሚፈርም ሰው ምን ላይ እንደ ፈረመ የሚያውቀው ሌላው ሲነግረው ነው። ግብር 200 ብር ከፍሎ 150 ብር የሚል ደረሰኝ ቢሰጡት አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

እርግጥ ማንበብ ብቻውን አይበቃም። በዚያ በኮታው ዘመን ፊደል የቆጠረው ገበሬም የተጣለበትን መጠን ያነብ ነበር፤ «ለምን?» ብሎ መጠየቁ ግን ያስፈራው ነበር። ማንበብና መጠየቅ እንደ ሁለቱ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ብቻውን ቀንበር አይስብም።

ለዛሬ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ካለው ደረሰኝ አንዱን አውጡ። ቀኑን፣ የገንዘቡን ልክ፣ የተከፈለበትን ምክንያት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁ ቃል ካለ አስምሩበትና ነገ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። የመንግሥት ልክ የሚለካው ከዚያች ጥያቄ ጀምሮ ነው።

ደህና ሰንብቱ።