ድንበሩን ማን ይለካ?
ስለ መሣሪያ ድራይቨሮችና ስለ ማኅደረ ትውስታ ካርታ ወልቂጤ ላይ ለሙያ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር



ንግግሬን የምጀምረው ከራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቡታጅራ ውስጥ፣ በሮቶ ያለውን የውኃ ከፍታ የሚለካ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በሊኑክስ ከሚሠራ ኮምፒዩተር ጋር የሚያገናኝ ድራይቨር ጽፌ ነበር። ድራይቨሩ ሠራ፤ እኔም ኮራሁ። ቆየት ብሎ ግን ኮምፒዩተሩ በየጥቂት ቀኑ ከኔትወርኩ ይጠፋ ጀመር። ገመዱን ለወጥን፤ መብራቱን ወቀስን፤ በዚህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት አለፈ። ጥፋቱ በመጨረሻ የተገኘው በእኔው ጽሑፍ ውስጥ ነበር። የመለኪያው ፕሮግራም «ይህን ያህል ማኅደረ ትውስታ አሳየኝ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ድራይቨሬ መጠኑን ሳይመረምር የተጠየቀውን ሁሉ ይሰጥ ነበር። ፕሮግራሙም የቆየ ንባብ ሲያጸዳ በተሰጠው ስፍራ ሁሉ ዜሮ ይጽፋል። ከሰሌዳው አድራሻ ቀጥሎ የሰፈረው ደግሞ የኔትወርኩ መሣሪያ ኖሯል።

ጉዳዩ እንግዳ ለሚሆንባችሁ ባጭሩ ላስረዳ። በዛሬው ኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያየው አድራሻ እውነተኛው አድራሻ አይደለም። ከርነሉ በመካከል የገጽ ሰንጠረዥ አኑሮ፣ ማኅደረ ትውስታውን አብዛኛውን ጊዜ በ4096 ባይት ገጾች ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን ድርሻ ብቻ ያሳየዋል። የመሣሪያዎች መቆጣጠሪያ ሬጅስተሮችም አድራሻ ስላላቸው፣ ድራይቨሩ ከፈቀደ በዚሁ ሰንጠረዥ ሊካተቱና ፕሮግራሙ ያለ አማላጅ ሊያነባቸው፣ ሊጽፍባቸውም ይችላል። ፍጥነቱ የሚገኘው ከዚህ ነው፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ስሕተቴን ካወቅሁ በኋላ አንድ የመመርመሪያ መሥመር ጨመርሁ፤ ይኸውም የተጠየቀውን መነሻና ርዝመት ደምሮ፣ ድምሩ ከመሣሪያው ክልል ቢያልፍ የሚከለክል ነው። ይህንንም ያፈረሰብኝ አንድ ተማሪ ነው። የኮምፒዩተር ቁጥር እንደ ግድግዳ ሰዓት ይዞራል። ገደቡ 6 ሰዓት ነው እንበል፤ ከ11 ሰዓት ላይ 5 ሰዓት ቢጨመር መርፌው 4 ላይ ይቆማል፤ 4 ደግሞ ከ6 ያንሳልና ዘበኛው እጅ ነሥቶ ያሳልፈዋል። እጅግ ትልቅ መነሻ የሚጠይቅ ፕሮግራም ፍተሻዬን ያለ ችግር ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ድክመት ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ። ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ከባዶ ወረቀት አይነሣም፤ ከቀደመው ይገለብጣል፤ ሲገልብጥም ጉድለቱን አብሮ ይወርሳል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 በሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 3ና ኤክሲኖስ ፕሮሰሰር ባላቸው ሌሎች ስልኮች ላይ፣ ተራ ፕሮግራም ሁሉ የስልኩን ማኅደረ ትውስታ በሙሉ ሊያነብና ሊጽፍበት የሚያስችል የመሣሪያ ፋይል ክፍት ሆኖ ተገኝቷል። ያ ስልክ በሰው ኪስ ውስጥ የነበረ ነው።

በሊኑክስ ዘንድ ለዚህ ሥራ ይጠሩ ከነበሩት አንዱ «ሪማፕ ፒኤፍኤን ሬንጅ» የተባለው ፈንክሽን ነው። የታዘዘውን ገጽ ከሰንጠረዡ ጋር ያያይዛል እንጂ ገጹ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ ስሌቱን ሁሉ ለየድራይቨሩ ይተወዋል። በኤፕሪል 2013 ሊኑስ ቶርቫልድስ «ቪኤም አዮማፕ ሜሞሪ» የተባለውን ረዳት ፈንክሽን ጨመረ። ለዚህ ፈንክሽን ድራይቨሩ የሚነግረው መሣሪያው ከየት እንደሚነሣና ምን ያህል እንደሚረዝም ብቻ ነው።

በጉራጌ መንደር ሁለቱን የቤቶች ረድፍ የሚለየውን ሰፊና ሣራማ መንገድ ጀፎረ እንለዋለን። ከብት፣ ሠርግና ለቅሶ የሚያስተናግድ የጋራ ስፍራ ነው። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው መንደሩን ሁሉ ነክቷል፤ ነገሩም በቂጫው፣ ማለት በባህላዊው ሕግ፣ በሽማግሌዎች ፊት ይታያል። አጣሪው ራሱ ለኪ አይሆንም። ረዳት ፈንክሽኑም እንደዚያው ሽማግሌ ነው፤ መጀመሪያ የተጠየቀው መነሻ ከክልሉ ውስጥ መሆኑን ያያል፤ ከዚያ እስከ ክልሉ ጫፍ የቀረውን ቀንሶ ያገኛል፤ የተጠየቀው ርዝመት ከቀረው ከበለጠ ይከለክላል። በመቀነስ እንጂ በመደመር ስለማይለካ ሰዓቱ ዞሮ አያታልለውም። በበኩሌ የመልካም ረዳት ፈንክሽን መለኪያ ይህ ይመስለኛል፦ ከድራይቨሩ የሚቀበለው ድራይቨሩ ብቻ የሚያውቀውን ነው፤ የቀረውን ስሌት ራሱ ይሠራል። ስሕተት ቢገኝበት እንኳ አንድ ስፍራ ሲታረም የሚጠሩት ሁሉ ይታረማሉ።

ሁሉን ይችላል ማለቴ ግን አይደለም። ከገጽ ያነሰ ነገር ለብቻው ሊያያዝ አይችልም፤ የመሣሪያችሁ ሬጅስተሮች 64 ባይት ብቻ ቢሆኑም ፕሮግራሙ ገጹን በሙሉ ያገኛል፤ በዚያው ገጽ ሌላ መሣሪያ ካለ ረዳቱ አያድናችሁም። እንዲሁም ፕሮሰሰሩ የሬጅስተሩን ዋጋ በካሽ እንዳያስቀር ማዘዝ ከጥሪው በፊት የድራይቨሩ ድርሻ ነው። ይህ ከተረሳ ውኃው ሞልቶ እየፈሰሰ ፕሮግራሙ የቀድሞውን ከፍታ ሊያነብ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የወጣው ሊኑክስ 6.16 ደግሞ አንድ እርምጃ ቀጥሏል። ቀድሞ ድራይቨሩ የሚጠራው ካርታው ሊጠናቀቅ ሲል ስለነበር፣ ከርነሉ የካርታውን ሕያው መዝገብ እንዳለ ያስረክበው ነበር፤ ድራይቨሩ ቢያበላሸው ወይም መንገድ ላይ ቢያቋርጥ የተጀመረውን ማፍረስ ግድ ይሆናል። በአዲሱ መንገድ ግን ድራይቨሩ አስቀድሞ ይጠራና የሚፈልገውን የሚሞላበት ቅጽ ይሰጠዋል። እምቢ ቢል ገና የተሠራ ነገር የለም። የቆዩት ድራይቨሮች ግን ብዙ ናቸውና ሽግግሩ ጊዜ ይጠይቃል።

የቡታጅራው ድራይቨር አሁን የሚጠራው ረዳቱን ነው። የእኔ ስሌት ከነመሥመሩ ተሰርዟል፤ ሰሌዳውም ብቻውን ወደሚሆንበት ገጽ ተዛውሯል። ሦስቱንም ጽሑፎች፣ የመጀመሪያውን፣ የተደመረውንና የዛሬውን፣ አሳትሜ ይዤ መጥቻለሁ፤ ተማሪዎች ከሻይ በኋላ ወስዳችሁ እንድትመረምሯቸው እፈልጋለሁ። በሦስተኛው ውስጥ ስሕተት ያገኘ ካለ ዛሬውኑ ይንገረኝ፤ ነገ ማለዳ ወደ ቡታጅራ ተመላሽ ነኝ።